ለቅሶ በነፃው እሑድ

በወሩ የመጨረሻ እሑድ ሙዚየሙ በነፃ ይገባል። ነፃ ማለት በዚያ ዘመን ምን ማለት እንደሆነ ልጅ አዋቂው ያውቃል። በሩ ላይ ቆመህ ዓይንህን ለመስታወቱ ትሰጣለህ፣ መስታወቱ ያውቅሃል፣ ከዚያ በኋላ እስክትወጣ ድረስ ያየኸውን ሁሉ አብሮህ ያያል። የትኛው ሥዕል ፊት ቆምክ፣ የቱ ጋ ዓይንህ ቀረ፣ የቱን ገልመጥ አድርገህ አለፍክ፣ ሁሉንም ይይዛል። በዚህ ማንም ቅር አይለውም። ዓይኑን ለአውቶቡስም ለዳቦም ሲሰጥ የኖረ ሰው ለሥዕል ሲሆን ምን ያስነፍገዋል?

ደግሞም ደስ ይላል እኮ! ግቢው ውስጥ ክራር ይመታል፣ አስጎብኚው በማይክሮፎን ያስረዳል፣ ጥላ አለ፣ ቀዝቃዛ ውሃ አለ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ቀዝቃዛ ውሃ ብቻውን ሰው ያስኬዳል። ከሥዕሉ ይልቅ ለውሃው የሚመጣ እንዳለ ሶልያና ታውቃለች፤ አትፈርድበትም። እሷም ብትሆን የምትመጣው ለሥዕል ብላ አይደለም። የምትመጣው ልጇን ለማየት ነው።

ሶልያና አሮጊት ናት። ሶልያና፣ ብሌን፣ ያፌት የሚባሉት ስሞች አንድ ጊዜ የሕፃናት ስም ነበሩ ቢባል የዛሬ ልጆች ይስቃሉ፤ ለእነሱ እነዚህ የአያት ስሞች ናቸው። ልጇ ፍኖት ግን አላረጀችም። ፍኖት ሰባተኛው ክፍል ግድግዳ ላይ ናት። መስታወት ፊት ተቀምጣ ራሷን የሣለችው ሥዕል ነው። አንገቷን ዘወር አድርጋለች፣ አንድ ሰው ከጓዳ ጠርቷት «አቤት» ልትል ያለች ትመስላለች። በሣለችው በዓመቱ ሞተች። የበሽታው ስም ረጅም ነበር፣ የታመመችበት ጊዜ አጭር።

ሰው ሲሞት ስልኩ ይዘጋል፤ ስልኩ ሲዘጋ ፎቶው ሁሉ፣ በሰው ስልክ ያለውም ሳይቀር፣ አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ የፍኖት ፊት በዚህ ዓለም የቀረው እዚያች ሸራ ላይ ብቻ ነው። ሸራዋን ለሙዚየሙ የሰጠችው ደግሞ ራሷ ሶልያና ናት። ቱሉ ዲምቱ ያለው ቤቷ ጣሪያው ያፈሳል፤ ሙዚየም ቤት ግን አይሞቅም አይበርድም፣ ሰው ያያታል፣ ልጄ ትከበርልኛለች ብላ ነው። ያን ዕለት አጨብጭበውላት ነበር። በስልክ ላንሳት ብላ የሞከረችው ከሰጠች በኋላ ነው። ከበሩ ስትወጣ ምስሉ ባዶ ሆኖ አገኘችው። የሙዚየም ነገር ከሙዚየም አይወጣም፤ ደንብ ነው አሏት።

ነፃ እሑዷ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። በጠዋት ባቡር ትሳፈራለች፣ ዓይኗን ትሰጣለች፣ ስድስቱን ክፍል እንደ ገበያ መንገድ ቶሎ ቶሎ ታልፋለች። ሰባተኛው ክፍል ስትደርስ ፍጥነቷ ይጠፋል። «ደህና ሰነበትሽ ልጄ» ትላለች፣ ከንፈሯን ብቻ አንቀሳቅሳ። የሰፈሩን ወሬ ታወራላታለች፣ ማን እንዳገባ፣ ማን እንደተጣላ። እግሯ እስኪደነዝዝ ትቆማለች። ከዚያ ውሃዋን ጠጥታ ወደ ቤቷ ትመለሳለች።

በየሥዕሉ ራስጌ ትንሽ መብራት አለች። ብዙ ሰው የሚያየው ሥዕል መብራቱ አረንጓዴ ነው። አንድ እሑድ፣ ክረምቱ ገና እንደወጣ፣ ሶልያና ስትደርስ የፍኖት መብራት ቢጫ ሆኖ ጠበቃት።

ክፍሉን የምትጠብቀው አርሴማ የምትባል ጎልማሳ ሴት ናት። በየወሩ ሲተያዩ ሰላምታ ለምደዋል። ዛሬ አርሴማ ራሷ ቀርባ መጣች።

«እማማ፣ መብራቱን አዩት?»

«አየሁት። ምን ማለት ነው?» አለች ሶልያና። ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች፤ ግን ሰው የሚያውቀውንም ይጠይቃል፣ ምናልባት መልሱ ተለውጦ እንደሆነ።

«እስከሚመጣው ነፃ እሑድ ጊዜ አለው። ያን ቀን ዓይን ካላገኘ ይነጣል።»

ማንጣት ይሉታል። ሸራውን ነጭ ቀለም ይቀቡትና ለሌላ ሠዓሊ ይሰጡታል። ድሮ መጋዘን የሚባል ነገር ነበረ ይባላል፤ ማንም የማያየውን ነገር ማስቀመጥ ግን ማንን ይጠቅማል ተባለና ቀረ።

«እኔ አላያትም እንዴ? አንድም ወር ቀርቼ አላውቅ!»

«የእርስዎ አይቆጠርም እማማ። የዘመድ ዓይን አይቆጠርም። ሠዓሊዎቹ አክስት አጎታቸውን እየጎተቱ ሲያስቆሙ ጊዜ የተከለከለ ነው።»

«ታዲያ የማን ነው የሚቆጠረው?»

«የባዳ» አለች አርሴማ፣ ወለሉን እያየች።

ሶልያና ሰው የምታስቸግር ሴት አይደለችም። ጨው አልቆባት እንኳ ጎረቤት ከመጠየቅ አልጫ የምትበላ ናት። ስለዚህ ነገሩን አፍና ይዛ ሰነበተች፣ እህል አልወርድ አላት። ነገሩን ያወጣባት የግድግዳ ጎረቤቷ ብሌን ናት፤ ከብሌን ተደብቆ የሚቀር ነገር ቱሉ ዲምቱ ውስጥ የለም።

«አንቺ፣ ምን ሆነሻል? ፊትሽ የከሰል ጆንያ መስሏል።»

«ምንም።»

«ምንም እንዲህ አያከሳም። ተናገሪ!»

ተናገረች። ብሌን ሰምታ ስታበቃ በንዴት ብድግ አለች። «እና ይህን ሁሉ ቀን ብቻሽን ታቅፈሽው ተቀመጥሽ? እድር ያለን ለስሙ ነው?»

እውነቱን ለመናገር እድሩ ለስሙ ነበር ያለው። ድንኳን የሚተከልበት ባዶ ቦታ ከከተማው ከጠፋ ወዲህ ለቅሶ በስክሪን ሆኗል። ማንም አልከለከለም፤ በስክሪን ሲሆን ቀለለ፣ ሲቀል ጊዜ ዋናው ቀረ። ሰው ሲሞት ጎረቤቱ በየቤቱ ሆኖ ስክሪኑ ላይ ያለችውን ሻማ ነክቶ ያበራል፣ አበቃ። ፍኖት ስትሞትም እንደዚያው ነበር። ሶልያና አንዲት ወንበር ላይ ተቀምጣ ስክሪኗ ላይ ሻማዎች ሲበሩ ስታይ ዋለች። አንገቷን አቅፎ ያለቀሰ ሰው አልነበረም። ለማንም ተናግራ አታውቅም እንጂ ያ ነገር እንደ አጥንት ጉሮሮዋ ላይ ቀርቶ ነበር።

የእድሩ ዳኛ ጋሽ ያፌት ናቸው፣ ጉልበታቸው የከዳቸው፣ ድምፃቸው ግን ያልከዳቸው ሽማግሌ። ነገሩ ሲነገራቸው በመጀመሪያ ደንብ አነሡ።

«እድር የሚወጣው ለሞተ ሰው ነው። ልጅቷ ሞታ ተቀብራለች፣ ነፍሷን ይማር። ለአንድ ሰው ሁለት ጊዜ ለቅሶ የለም።»

«እንዴ ጋሽ ያፌት!» አለች ብሌን። «የመጀመሪያውስ መቼ ተለቀሰ?»

ጋሽ ያፌት ባርኔጣቸውን አወለቁና ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። እሳቸውም ያን ጊዜ ሻማ ነክተው ወደ ምሳቸው ነበር የተመለሱት።

«ልክ ነሽ» አሉ በመጨረሻ። «አላለቀስንላትም። በሉ፣ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። የሚቆጠረው የባዳ ዓይን ከሆነ እድርተኛ ሁሉ ወጥቶ ያያታል። የቀረ እኔን ያያል።»

ልምምድ እንኳ ተደረገ። የሕንፃቸው ደረጃ ሥር፣ የውሃ ፈረቃ የተለጠፈበት ግድግዳ ፊት ቆመው አፍጥጠው ዋሉ። ጋሽ ያፌት ከወንበራቸው ያዛሉ። «ዓይን ዓይኗን ነው የምታዩት! ወዲያ ወዲህ የለም! ማስነጠስ የመጣበት ሰው ዓይኑን ገልጦ ያስነጥስ!»

«እሳቸው ራሳቸው ሳይንጎላጁ ያፈጠጡት ጥሬ ሥጋ ላይ ብቻ ነው» አለች ብሌን፣ ሳቁ ደረጃውን ሁሉ ሞላው። ሶልያናም ሳቀች። ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሳቀች እሷም አላስታወሰችውም።

የቀጠሮው እሑድ ደረሰ። እድርተኛው ባቡር ጣቢያ ሲገናኝ ማንም ለማንም ሳይነግር ሁሉም የለቅሶ ልብሱን ለብሶ መጥቷል። ሴቶቹ ከሣጥን ሥር ያወጡትን ነጠላ ዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ ጥቁር ኮታቸውን ደርበው። ሶልያና ይህን ስታይ ደግ ሰዎች ናቸው ብላ አሰበች። ብሌን ብቻ «ለማየት ነው ወይስ ለመቅበር ነው የምንሄደው?» ብላ አጉረመረመች፤ እሷም ግን ጥቁር ለብሳ ነበር።

ግቢው እንደ ወትሮው ደምቋል። ክራሩ ይመታል፣ ልጆች ይሯሯጣሉ፣ የውሃው ሰልፍ ተጠማዟል። እድርተኛው ተራ በተራ ዓይኑን ለመስታወቱ ሰጥቶ ገባ። ጋሽ ያፌት ደረጃው ስለከበዳቸው «እናንተ ቅደሙ፣ እኔ እያዘገምኩ እደርሳለሁ» አሉ።

ሰባተኛው ክፍል ሞላ። ሁሉም እንደተለማመደው ተሰልፎ ቆመ፣ ሁሉም አፈጠጠ። ፍኖት እንደዚያ ተከብራ አታውቅም። ትንሽ ቆይቶ ቢጫዋ መብራት ፈዘዝ አለች፣ ከዚያ ጠርዟ ላይ አረንጓዴ ነገር ብቅ አለ።

«እማማ» አለች አርሴማ በሹክሹክታ፣ የሶልያናን ክንድ ይዛ፣ «እየሆነ ነው! እንዳያቋርጡ ብቻ!»

ሶልያና ተስፋ አደረገች። አዎ፣ ከልቧ ተስፋ አደረገች።

ያኔ ጋሽ ያፌት ደረሱ።

ለቅሶ ቤት ዘግይቶ የሚደርስ ሰው ዝም ብሎ አይገባም። አዲስ ለቀስተኛ ሲመጣ ከደጅ ጀምሮ ድምፁን ያሰማል፣ የተኛው ሐዘን ይነሣል፤ ያልጮኸ እንደሆነ ክፉ ሰው ነው። ጋሽ ያፌት ይህን ልጅ ሆነው ያዩት ነው፣ አርጅተውም ከአጥንታቸው አልወጣም። ከበሩ ላይ ሥዕሏን አዩ፣ አንገቷን ዘወር አድርጋ። ባርኔጣቸው ወደቀ።

«ልጄን!» አሉ ደረታቸውን እየመቱ። «ልጄን! ልጄን! ሳናለቅስልሽ የሄድሽው ልጄን!»

ሶልያና ለስንት ዓመት የያዘችው ነገር ያን ጊዜ አመለጣት። ጩኸቷ ከእሷ የወጣ አልመሰላትም። ወለሉ ላይ ቁጭ አለች፣ ብሌን ወድቃ አቀፈቻት፣ ሴቶቹ ሁሉ ተቀበሏት። አግዳሚ ወንበር ተጎተተ፣ ሰዉ ግራና ቀኝ ግድግዳውን ይዞ ተቀመጠ። አንገቱን ደፋ። ነጠላው በፊት ላይ ወረደ። የሐዘንተኛን ፊት አፍጥጦ ማየት ነውር ነው፤ የሟችንም እንዲሁ። ይህን ማንም አላዘዘም፤ ማንም አላሰበበትም።

እንዲህ ሆነው ዋሉ። ተዳፍኖ የቆየ ሁሉ ወጣ። ብሌን ፍኖት ልጅ ሆና ቀለም በነካው እጇ በሯን እንዴት እንዳበላሸችባት እያነሣች አለቀሰች። አንዱ ስለ ራሱ ሟች አለቀሰ፤ እሱንም በስክሪን ነበር የሸኘው። ከሌላ ክፍል የመጡ ጎብኚዎች በሩ ላይ ሲደርሱ ነገሩ ገባቸው። ባርኔጣቸውን እያወለቁ፣ አንገታቸውን እየደፉ ገቡ፣ ትንሽ ተቀመጡ፣ «እግዜር ያጥናችሁ» ብለው ወጡ። ሌሎች መጡ፣ እነሱም እንደዚያው። አስጎብኚው እንኳ ማይክሮፎኑን አጠፋ። ያን ቀን በዚያ ሙዚየም ሰባተኛውን ክፍል የሚያህል ሰው የገባበት ክፍል አልነበረም።

ሶልያና ቀለላት። ደስ አላት ማለት ነውር ነው፤ ግን ያ ጉሮሮዋ ላይ የነበረው አጥንት ወረደላት። ከእንግዲህ ልጄ ሰው አላት ብላ አሰበች። ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፣ አልገደደም።

የመዝጊያው ደወል ሲደወል ሰዉ ዓይኑን እየጠረገ ተነሣ። ቀና ያለችው መጀመሪያ ብሌን ናት።

«መብራቱስ?» አለች።

መብራቱ ጠፍቷል። መብራቱ ሲጠፋ የሥዕሉ መስታወትም አብሮ ይጨልማል፤ ፍኖት በነበረችበት ቦታ አሁን የራሳቸው ጥቁር ጥላ ብቻ ይታያል።

«ተበላሽቷል!» አሉ ጋሽ ያፌት። «ስሚ ልጄ፣ ማሽናችሁ ተበላሽቷል! ይህ ሁሉ ሰው ከጠዋት ጀምሮ እዚህ ነው የዋለው!»

አርሴማ ጥግዋ ላይ ቆማለች። የሷም ዓይን ቀልቷል። «አልተበላሸም ጋሼ። እንባ አይቆጥርም፣ ዓይን ነው የሚቆጥረው። ይህ ሁሉ ሰው ገብቶ ሁሉም ፊቱን አዞረ። እንዲህ ፊት የተዞረበት ሥዕል እስከ ዛሬ የለም ይላል ማሽኑ። ዝም ብለው ቢያልፉት ይሻል ነበር።»

«ፊታችንን አላዞርንም እኮ!» ብሌን ጮኸች። «አቀረቀርን እንጂ! ስናከብራት ነው!»

«አውቃለሁ።»

«ካወቅሽ ታዲያ ምነው አልነገርሽን? እዚሁ ቆመሽ አልነበር? ቀና በሉ ብትይን ምን ነበረበት!»

«ለቅሶ ላይ ያለ ሰው ቀና በል ይባላል እንዴ?» አለች አርሴማ። «እኔም አቀርቅሬ ነበር። ያየሁት ከጠፋ በኋላ ነው።»

ጋሽ ያፌት ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ፣ የመጀመሪያዋን ጩኸት የጮኹት እሳቸው መሆናቸውን ማንም አላነሣም። እሳቸው ግን ከዚያ ቀን በኋላ ድምፃቸው እንደ ጉልበታቸው ከዳቸው፤ የእድሩን ዳኝነትም በወሩ ለቀቁ።

በኮሪደሩ ሰው የማይገፋት ጋሪ መጣች። አጭር ክንዷን ዘርግታ ሸራዋን ከግድግዳው አወረደች። የእድሩ ወንዶች ልማድ ይዟቸው ሊሸከሙ ቀረብ አሉ፤ ጋሪዋ እንዲርቁ በትሕትና ለመነቻቸው። ሶልያና ከጋሪዋ ጋር ጥቂት እርምጃ ሄደች።

«አንዴ ብቻ፣ አንዴ ልያት» አለች። «ዛሬ እኮ አላየኋትም። ስገባ መብራቱን ነው ያየሁት፣ ከዚያ ሰዉን፣ ከዚያ ደግሞ ነጠላዬን ተከናንቤ ዋልኩ። አርሴማ ልጄ፣ ዛሬ አንድም ጊዜ ፊቷን አላየሁም።»

«አይከፈትም እማማ» አለች አርሴማ። እንባዋ መጣ፣ አንገቷን ደፋች።

ባቡሩ ውስጥ እድርተኛው አንድ ፉርጎ ሞልቶ ተቀመጠ። ለገሃርን ሲያልፉ ሶልያና ቀና አለች።

«አንድ ነገር ልጠይቃችሁ» አለች። «እኔ አርጅቻለሁ፣ ነገም ከነገ ወዲያም እረሳለሁ። እናንተ መጀመሪያ ላይ ያያችኋት አላችሁ። እስቲ ንገሩኝ፣ ቀሚሷ ምን ዓይነት ነበር?»

ሰዎቹ ተያዩ። መጀመሪያ ላይ ቆመው ሲያፈጥጡ ልባቸው መብራቷ ላይ ነበር፤ አረንጓዴው መጣ አልመጣ እያሉ። ፊቷን ልብ ብሎ ያየ አልነበረም። ግን አላየሁም ብሎ ለዚህች ሴት ማን ይናገራል? ምን አንጀት ያስችለዋል?

«ቀይ ነበር» አለች አንዲት ሴት ቀስ ብላ። «ቀይ ሆኖ፣ ያምርባት ነበር።»

«አዎ፣ ቀይ» አለች ሶልያና። አረንጓዴ ነበር። ቀሚሱን የገዛችላት እሷ ናት።

«ቢጫ መሰለኝ እኔስ» አለ ሌላው፣ ዝም ማለት ከብዶት። «ፈካ ያለ ቢጫ። ጸጉሯ ደግሞ ተሠርታ ነበር፣ አይደል?»

«አዎ፣ ተሠርታ ነበር።»

«ፈገግ ብላለች» አለች ብሌን። ድምፅዋ ተሰበረ። «ወደኛ እያየች፣ ፈገግ ብላ።»

«አዎ» አለች ሶልያና፣ የብሌንን እጅ ጨብጣ። «ፈገግ ብላ ነው።»

እያንዳንዱ የአቅሙን ሰጣት፤ አንዱ ጉትቻ፣ አንዱ ነጠላ፣ አንዱ በጉንጯ ላይ ስርጉድ። ከደግነት ነው። እሷም ሁሉንም አዎ እያለች ተቀበለች፣ ሰዎቹ እንዳይከፉ። ባቡሩ ቱሉ ዲምቱ ሲቆም ዓይኗን ጨፍና አረንጓዴውን ቀሚስ ፈለገችው፤ የመጣላት ቀዩ ነበር።